ሳይቃጠል በቅጠል፦ የእርግዝናን አደጋ ቀድሞ የማወቅ ታሪክ

ነፍሰ ጡር ሴትን «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብሎ መመረቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በዚህ ምርቃት ውስጥ ተስፋም ፍርሃትም አብረው አሉ። እናቶቻችንና አያቶቻችን እርግዝና አደጋ እንዳለው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የማያውቁት፣ ከነፍሰ ጡሮቹ መካከል አደጋው በየትኛዋ ላይ እንደሚወድቅ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም ይጸልያሉ፤ ከዚያ ምጡ እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

ሰሞኑን በማኅበራችን ስብሰባዎች አንድ ወሬ ይነሳል። በውጭ አገር ከነፍሰ ጡር ክንድ ጥቂት ደም ተወስዶ፣ ኮምፒውተር ውጤቱን አገናዝቦ፣ ከወራት በኋላ ሊመጣ የሚችለውን ችግር ይናገራል የሚል ነው። አንዳንዶቻችን ተአምር ነው አልን። አንዳንዶቻችን ደግሞ «ለደብረ ኤልያስ ሴት ምን ይጠቅማታል?» ብለን ጠየቅን። ለሁለቱም መልስ ለመስጠት ነገሩ ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ማየት ይሻላል። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው የፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን «ዓ.ም.» የተባለው የእኛው ነው።

ከሽንት ምርመራ እስከ ክንድ መጠቅለያ

በእርግዝና ላይ ከሚመጡት ከባድ ችግሮች አንዱ ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይጀምራል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ኩላሊት መያዝ የሚገባውን ፕሮቲን ወደ ሽንት ይለቃል፤ ጉበትና ሌሎች የሰውነት ክፍሎችም ሊጎዱ ይችላሉ። ሲብስ እናቲቱን እያንቀጠቀጠ ይጥላታል፤ ያን ጊዜ ኤክላምፕሲያ ይባላል። ክፋቱ መጀመሪያ ላይ አለማመሙ ነው። ፊትና እጅ ሲያብጥ «የእርግዝና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ማንቀጥቀጡ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለልክፍት ይሰጥ ነበር።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናትና በአገራችን አነጋገር እንግለጸው። እብጠቱ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ያለው ከውስጥ፣ ከእንግዴ ልጁ ዘንድ ነው። ሐኪሞች ሰሙን አልፈው ወርቁን ለማግኘት 160 ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ነው። ጆን ሌቨር የተባለ ሐኪም የሚያንቀጠቅጣቸውን ወላዶች ሽንት በእሳት አፈላና እንደ እንቁላል አስኳል ዙሪያ ነጭ ሆኖ ሲረጋ አየ። በሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን ነበረ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1896 ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር የሚሞላውን የደም ግፊት መለኪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮቭ በማዳመጫ እየሰሙ የመለካቱን ዘዴ አመጣ። ዛሬ ጤና ጣቢያ ስንሄድ በክንዳችን ላይ የሚጠቀለለው መሣሪያና በሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት የእነዚህ ሰዎች ሥራ ልጆች ናቸው።

መሣሪያው ግን ብቻውን አልበቃም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በአውሮፓም ቢሆን ሴት ሐኪም የምታየው ስታምጥ ወይም ስትታመም ነበር። የኤድንብራው ሐኪም ጆን ባላንታይን እ.ኤ.አ. በ1901 ባወጣው ጽሑፍ፣ ነፍሰ ጡሮች ከምጥ በፊት የሚታዩበት ቦታ ይዘጋጅ ብሎ ተማጸነ። ሐሳቡ ቀስ በቀስ ሥር ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1929 የብሪታንያ ጤና ሚኒስቴር ነፍሰ ጡር በየትኛው ሳምንት መታየት እንዳለባት መርሐ ግብር አወጣ። «ክትትል» የምንለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ጤነኛ የምትመስለውን ሴት፣ ጤነኛ ሳለች፣ እየደጋገሙ ማየት ማለት ነው።

ልዕልት ፀሐይና ከእርሷ በኋላ የመጡት

በአገራችን ይህ ታሪክ ከአንዲት ሴት ስም ጋር የተያያዘ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ የነርስነት ሙያ ተምራለች። ታላቁ ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥና እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች። ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ በሙያዋ አገለገለች። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሞተች። ገና 22 ዓመቷ ነበር።

ይህን ስናነብ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። የንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ነርስም ነበረች። ዕውቀቱም አቅሙም በቤቷ ሳለ ከሞት አላዳናትም። በዚያ ዘመን በገጠር ጎጃም ያለችው እናት ምን ዕድል እንደነበራት ከዚህ መገመት ይቻላል።

በስሟ የተሠራው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለሆስፒታሉ ገንዘብ በማሰባሰብ ብዙ ደክማለች። ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ይኸው ነው። ወደዚህ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት የማኅፀንና የወሊድ ሐኪሞች፣ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤቷ ሬጂናልድ ሐምሊን፣ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ መጡ። እዚያም ምጥ ለቀናት ጸንቶባቸው ልጃቸውን ያጡ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውና ከሰው የተገለሉ ሴቶችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። የባሕር ዳሩ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት ከጎጃም የሚሄዱ ሴቶች ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ድረስ ይጓዙበት የነበረው መንገድ አጠረላቸው።

በእኛ እይታ ከሐምሊን ሥራ ትልቁ ትምህርት ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ቀዶ ሕክምናው ብዙዎችን አዳነ፤ ነገር ግን በአንዷ ፈንታ ሌላዋ ትመጣ ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ሴት ልጆች ተምረው ወደየአካባቢያቸው ተመልሰው ያዋልዳሉ። ከጉዳቱ በኋላ መጠገን የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ዞረው ከጉዳቱ በፊት ወዳለው ሥራ ሄዱ።

ቀድሞ መለየት፣ ቀድሞም ማስጠጋት

በጉራጌ፣ በወልቂጤ አቅራቢያ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 ቀላል የሚመስል ነገር ጀመረ። ችግር ይገጥማቸዋል ተብለው የተለዩ ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ጊዜ ሲቃረብ ከሆስፒታሉ ግቢ ባለ ማቆያ ቤት ገብተው ይቀመጣሉ። ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ምጥ ሲጀምራቸው ሐኪሙ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ከዚህ በፊት ልጅ የሞተባት ሴት ከርቀት ተነስታ በሌሊት መጓዝ ቀረላት።

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት የተመዘገበው ሲቆጠር፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰሉ 90 ያህል ነበሩ። በቀጥታ ከቤት ከመጡት መካከል ግን 1,333 ነበሩ። ከቤት ከመጡት ብዙዎቹ ችግሩ ከጸናባቸው በኋላ የመጡ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም እነዚያ ሴቶች ችግሩ ከመጽናቱ በፊት ቢመጡ ኖሮ የሚለውን ጥያቄ ቁጥሩ ራሱ ያስነሳል። ከጊዜ በኋላ የእናቶች ማቆያ በአገሪቱ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ተሠራ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረና ሠልጣኝ ሴቶች በየቀበሌው ተመደቡ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆነ። በጤና ተቋም የመውለድ መጠንም ከ100 ወሊዶች ከ5 ወደ 26 አደገ። እድገቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመሩት ከ100 ሴቶች 20 ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ደም የሚናገረው

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ቦስተን፣ አናንት ካሩማንቺና ሻሮን ሜይናርድ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ግኝት አሳተሙ። ፕሪኤክላምፕሲያ በያዛቸው ሴቶች የእንግዴ ልጁ አንድ ፕሮቲን ከልክ በላይ ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮችን ጤና የሚጠብቁትን ሌሎች ፕሮቲኖች ይዞ ያስቀራቸዋል። ያን ፕሮቲን ለነፍሰ ጡር አይጦች ሲሰጧቸው የደም ግፊታቸው ጨመረ፤ በሽንታቸውም ፕሮቲን ታየ። ወርቁ ተገኘ ያልነው ይኼን ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣ ጥናት ደግሞ የፕሮቲኑ መጠን የበሽታው ምልክት ከመታየቱ 5 ሳምንት ያህል ቀድሞ መጨመር እንደሚጀምር አሳየ።

የማኅበራችንን የሒሳብ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ እንደማይናገር እናውቃለን። ወጪው የሚፈረደው ከገቢው ጋር ሲተያይ ነው። የደሙ ምርመራም እንዲሁ ነው። ጎጂው ፕሮቲን ለጠቃሚው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ በ14 አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ ውጤቱ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት በሽታው አይመጣም ማለት እንደሚቻልና ይህም ከ100 ጊዜ 99 ጊዜ ያህል ትክክል እንደሆነ አሳየ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በደም ግፊት ምክንያት ሆስፒታል ለተኙ ነፍሰ ጡሮች ይህን መሰል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቀደ።

ማወቅ ብቻውን ፈውስ አይደለም፤ ካወቁ በኋላ የሚደረግ ነገር መኖር አለበት። ይህም እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ታየ። ከ26,000 በላይ ሴቶች በ11ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል ተመረመሩ። የእናቲቱ የጤና ታሪክ፣ የደም ግፊቷ፣ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም ፍሰትና ሁለት የደም ፕሮቲኖች በአንድ ላይ ተሰሉ። ስጋት አለባቸው ከተባሉት ግማሾቹ በየማታው ትንሽ አስፕሪን፣ ግማሾቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ተሰጣቸው። ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚያስወልድ ፕሪኤክላምፕሲያ የደረሰባቸው አስፕሪን ከወሰዱት መካከል ከ100 ሴቶች 1.6 ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት መካከል 4.3 ነበሩ። አስፕሪን ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው። ዋናው ነገር ለማንና መቼ መስጠት እንደሚገባ ማወቁ ነው። ስለዚህ ማንም ነፍሰ ጡር በራሷ ፈቃድ ገዝታ አትውሰድ፤ የሚያዘው ባለሙያ ነው።

ማሽን ለርኒንግ የሚባለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ያለፉ ሺህ እርግዝናዎች መዝገብ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ መዝገብ የደም ውጤቱን፣ ግፊቱን፣ ዕድሜውንና መጨረሻው ምን እንደሆነ ይዟል። ኮምፒውተሩ የትኞቹ ነገሮች ሲገጣጠሙ ክፉ መጨረሻ እንደመጣ ከመዝገቡ ይማራል፤ ከዚያ አዲስ የመጣችውን ሴት በዚያ ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት የ1,840 እርግዝናዎችን ደም መርምሮ ፕሪኤክላምፕሲያ ከሚይዛቸው ከ4 ሴቶች 3ቱን ከመውለዳቸው በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ቀድሞ ለመለየት ችሏል። በሌላ በኩል «ስጋት አለብሽ» ከተባሉት 3 ሴቶች በሽታው የሚይዘው አንዷን ያህል ብቻ ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ነቢይ አይደለም። ማንን ጠጋ ብሎ መከታተል እንደሚገባ ይጠቁማል እንጂ በማንም ላይ አይፈርድም።

መዝገቡ የማን ነው?

መዝገብ ያልገባ ነገር በሚዛን ላይ አይወጣም። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተማረበትን ሕዝብ ነው። የለንደን ወይም የቦስተን ሴት አመጋገብ፣ የኑሮዋ ድካም፣ የምትኖርበት ከፍታ፣ የሚይዛት ሕመም ከደጋ ጎጃም ሴት ጋር አንድ አይደለም። በዚያ የተሠራ ስሌት እዚህ ሳይፈተሽ ቢመጣ ሊያሳስት ይችላል።

ይህን የተረዱ ሥራዎች ተጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታን፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ የ81 ነፍሰ ጡሮችን የደምና የሽንት ናሙና ወስዶ፣ ያለጊዜው የሚወልዱትን በማሽን ለርኒንግ ለመለየት ሞክሯል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን የእኛን መሰል አገር ሴቶች በስሌቱ ውስጥ ገብተዋል። በክልላችን በሰሜን ሸዋ፣ በአንጎለላ ጠራና በቀወት፣ ብርሃን የተባለ የጥናት ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በ16 ቀበሌዎች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት እየተከታተለ ይመዘግባል። ሥራውን የሚመሩት የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅና የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ወደ እኛም ቀርቦ በምዕራብ ጎጃምና በደቡብ ጎንደር በ12 ጤና ጣቢያዎች፣ እናት በተባለ ጥናት ከ2,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተካተዋል፤ ጥናቱ የነፍሰ ጡሮችን ምግብ ማሻሻልና ኢንፌክሽንን ቀድሞ ማከም ምን እንደሚጠቅም የፈተሸ ነው። እነዚህ ጥናቶች የኮምፒውተር ትንቢት አይደሉም። ነገር ግን ነገ ለእኛ የሚሆን ስሌት ቢሠራ መሠረቱ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው።

ከእኛ መካከል ለጥናት ደም ስጪ የምትባል ካለች መጠየቅ መብቷ ነው። ለምን እንደሚወሰድ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ውጤቱ ለእርሷ ይነገራት እንደሆነ ትጠይቅ። ፈቃድ ስትሰጥም ስትከለክልም ሕክምናዋ ሊጓደል አይገባም።

እኛ ከዚህ ምን እንወስዳለን?

ከላይ ያየናቸው መሣሪያዎች ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው። የክንድ መጠቅለያው፣ የሽንት ወረቀቱ፣ አስፕሪኑ፣ የደም ምርመራው፣ ኮምፒውተሩም ቢሆን፣ የሚሠሩት ሴቲቱ ቀድማ ከመጣች ነው። በ11ኛው ሳምንት የሚደረግ ምርመራ በ7ኛው ወር ለመጣች ሴት አይሆንም። ከ100 ሴቶች 20 ብቻ የሚለውን ቁጥር ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ መክሯል፤ አገራችንም ይህን ተቀብላ የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12ኛው ሳምንት እንዲሆን መመሪያ አውጥታለች።

ሴቶቻችን የሚዘገዩት ባለማወቅ ብቻ አይደለም። እርግዝና ሳይገፋ መናገር የሰው ዓይን ያስከትላል ብለው የሚደብቁ አሉ። ሳይጸና ቢወርድስ ብለው የሚያፍሩ አሉ። በአጨዳ ወቅት ቀን የሚያጡ፣ ከባል ኪስ የትራንስፖርት ገንዘብ መጠየቅ የሚከብዳቸው አሉ። እነዚህን ምክንያቶች መናቅ አይገባም፤ መልስ ግን ያስፈልጋቸዋል።

በእኛ አገር ምጥ ለጸናባት ሴት ቃሬዛ የሚሸከም ሰው አይጠፋም። ሌሊት ቢሆን፣ ሐምሌ ጭቃው ጉልበት ቢደርስ፣ ጎረቤት ሁሉ ይነሳል። የማኅበራችንም ሣጥን የሚከፈተው በዚያ ሰዓት ነው። መንገድ በሚዘጋበት ወይም አምቡላንስ በማይደርስበት ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ርኅራኄ ዘግይቶ ሊገኝ ይችላል። ለአንዲት ሴት የሌሊት መጓጓዣ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ሴቶች የመጀመሪያ ክትትል የቀን ትራንስፖርት ይሆናል። የርኅራኄው መጠን ያው ይሁን፤ የምናወጣበትን ጊዜ ግን ወደ ፊት እናምጣው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። ከወር መዋጮ ላይ ለመጀመሪያ ክትትል የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ይያዝ። የወር አበባዋ የቀረባት አባል ለምታምናት አንዲት እህት ብቻ ትንገር፤ እርሷም ሌላ ሳታሰማ አብራት ትሂድ። የመጨረሻው የወር አበባ የታየበት ቀን በወረቀት ይጻፍ፤ ሳምንቱ የሚቆጠረው ከእርሱ ነውና። በእያንዳንዱ ክትትል የደም ግፊቷ ስንት እንደሆነ ጠይቃ በካርዷ ላይ መጻፉን ትይ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጡት በታች የሚሰማ የሆድ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መድማት ወይም የልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ ሲኖር ቀጠሮ ሳይጠበቅ የዚያኑ ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይኬድ።

የደም ምርመራውና ኮምፒውተሩ ደብረ ኤልያስ የሚደርሱበት ቀን በእኛ እጅ አይደለም። በ12ኛው ሳምንት ከጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስማችን መገኘቱ ግን በእኛው እጅ ነው።